ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው ወረቀት፦ ግንባታ ለምታሠሩ መሥሪያ ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ቢሮ፣ ብቻ ማንኛውንም ነገር ለምታስገነቡ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች

ግልባጭ፦ ለአማካሪዎችና ለተቋራጮች (እኛም ንጹሕ አይደለንም)

ጉዳዩ፦ የጊዜ ሰሌዳን ይመለከታል

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ስሜን አልጽፍም። እንጀራ ነው፣ ይገባችኋል። ሥራዬ ግን ኦፊስ ኢንጂነር ነው። ለማታውቁት፦ ሳይት ላይ በቆርቆሮ ቢሮ ተቀምጦ ቴክኦፍ (ከፕላኑ ላይ የሥራ መጠን ልኬት) የሚሠራ፣ ክፍያ የሚያዘጋጅ፣ ለተቆጣጣሪው ደብዳቤ የሚጽፍ፣ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ ማንም የማያነበውን የጊዜ ሰሌዳ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ትምህርት ቤት ሠርተናል፣ ጤና ጣቢያ ሠርተናል፣ ሁለት የቢሮ ሕንፃ ሠርተናል። አንዱም በተባለበት ቀን አላለቀም። አንዱም።

የምጽፍላችሁ ስለዚያ ወረቀት ነው። ታውቁታላችሁ። ለጉብኝት ስትመጡ በሩን እንደገባችሁ ፊት ለፊት የሚታየው፣ ሰማያዊና ቀይ አግድም መስመር የበዛበት ትልቁ ወረቀት። ሁሌ አንዳችሁ "ይሄ ምንድን ነው?" ትላላችሁ። ሬዚደንቱ፣ ሳይት ላይ የሚቀመጠው የአማካሪው መሐንዲስ፣ "ስኬጁሉ ነው" ይላል። "ጎበዝ" ትላላችሁ፣ ከዚያ ሻይ ይመጣል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ "ይሄ እኮ ቀኑ አልፏል፣ ምን ሆኖ ነው?" ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም የኃላፊው ሹፌር ነበር። ውሃ ሊጠጣ ገብቶ።

ወረቀቱ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ አትቀየሙኝ። የማለቂያው ቀን ከእናንተ ይመጣል። "540 ቀን" ይላል የጨረታ ሰነዱ። ይሄ 540 ከየት እንደመጣ አንድ ጊዜ ሰነዱን ያዘጋጀውን ልጅ ጠይቄው ነበር። "ካለፈው ፕሮጀክት ላይ ነው የወሰድኩት" አለኝ። ያለፈው ፕሮጀክት በስንት ጊዜ አለቀ? በአራት ዓመት። ልጁ ራሱ ሲነግረኝ ሳቀ።

እኛ ደግሞ ሥራውን ስለምንፈልገው 540 ብለን እንፈርማለን። ከዚያ ቢሮ ቁጭ ብለን ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ እየጎተትን እንገጣጥማለን። ልስን 60 ቀን ይፈልጋል? 35 እናድርገው። ሥራዎቹ ተከታትለው አልገባ ካሉ ጎን ለጎን እናስኬዳቸዋለን። ሶፍትዌሩ እሺ ይላል። ልስን የሚለስነው ሰውዬ ነው እሺ የማይለው። አንድ ጊዜማ፣ ልናዘዝ፣ ከሌላ ፕሮጀክት ገልብጠን ያስገባነው ሰሌዳ ውስጥ የሌላ ከተማ ሕንፃ ስም ሳይጠፋ ቀርቷል። አማካሪው ማኅተም አደረገበት። እናንተም ተቀበላችሁት። ስህተቱን ያየሁት ራሴ ነኝ፣ ከሰባት ወር በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ ስገልጠው።

እንግዲህ እንደዚህ ነው። ሦስታችንም እናውቃለን፣ ሦስታችንም ዝም እንላለን። ወረቀቱ ለፋይል ነው።

ግን የጊዜ ሰሌዳ ለፋይል የተፈጠረ ነገር አይደለም። እናቴ ፕሪማቬራ የሚባል ሶፍትዌር አታውቅም። የእህቴን ሠርግ ግን ያለ አንድ ወረቀት ነው የመራችው። በርበሬው ሁለት ወር ቀድሞ ተገዛ፣ ተቀነጠሰ፣ ተደልዞ ተሰጣ፣ ተፈጨ። ጠላው ከሁለት ሳምንት በፊት ተጠነሰሰ። ሊጡ ሦስት ቀን ሲቀረው ተቦካ። ዳሱን አጎቴ ሐሙስ እጥላለሁ ብሎ ቅዳሜ ማታ ነው የጣለው፣ ማንም አልተቆጣውም፣ ሠርጉ እሑድ ስለነበር ሁለት ቀን ትርፍ ነበረው። ጌሾ ገዝታ የምትመጣዋ አክስቴ አንድ ቀን ስትዘገይ ግን እናቴ ቤቱን አንድ አደረገችው። ለምን? ጠላ አይቸኩልም። አሥር ሴት ብትጨምርበት ቶሎ አይደርስም። ያ አንድ ቀን ከሠርጉ ቀን ላይ ነው የሚቀነሰው።

በቃ፣ ክሪቲካል ፓዝ የሚባለው ይሄው ነው። ዱፖንት የሚባለው የአሜሪካ የኬሚካል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ገደማ ፋብሪካ ሲያሠራና ሲያድስ ጊዜና ገንዘብ እንዳይባክንበት ብሎ በሒሳብ ያስቀመጠው፤ በዓመቱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለሚሳይል ፕሮጀክቱ የራሱን ዓይነት አወጣ፣ ፐርት ተባለ። ሁለቱም የሚጠይቁት የእናቴን ጥያቄ ነው። የትኛው ሥራ ቢዘገይ ነው ሠርጉ የሚዘገየው? የትኛውስ ቢዘገይ ችግር የለውም? ቀይ መስመሮቹ የመጀመሪያዎቹ ናቸው፣ ሰማያዊዎቹ ሁለተኛዎቹ። ግድግዳው ላይ ሌላ ምንም ምሥጢር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። በቀይ ከተሰመሩት ሥራዎች ውስጥ ብዙዎቹ የእናንተ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ግን የሉም።

አንድ ቀን ልንገራችሁ። ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ነው፣ የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለሉ)። አናፂዎቹ ካሳፎርማውን (ኮንክሪቱ የሚፈስበትን የጣውላ ቅርጽ) ጨርሰዋል፣ ፌራዮዎቹ ፌሮውን (ብረቱን) አስረዋል፣ ቫይብሬተሩ ተሞክሯል። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት ሚክሰር መኪና ኮንክሪት ጭኖ በር ላይ ቆመ። ተቆጣጣሪው ወጥቶ አየ። ወረደ። "ኮንዲዊቱ የታለ?" አለ። የመብራቱ ቱቦ ፌሮው መሀል መቀበር ነበረበት፣ የለም። የኤሌክትሪክ ሥራውን አሠሪው መሥሪያ ቤት ለብቻው ነበር ያጫረተው፣ ውሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ሲጠብቅ አምስት ሳምንት ተቀምጧል። እኛ ሰሌዳ ላይ ለምን አልገባም? "የእኛ ሥራ ስላልሆነ"። እነሱ ለምን አላስገቡትም? ሰሌዳ የሚሠራው ተቋራጩ ስለሆነ። ኮንክሪት ደግሞ ከተቀላቀለ በ90 ደቂቃ ውስጥ መሞላት አለበት፣ የደብዳቤ ልውውጥ አይጠብቅም። ተቆጣጣሪው ትክክል ነበር፣ አላስሞላም አለ። መኪኖቹ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ለ19 ቀን ካሳፎርማው በኪራይ፣ ባሕር ዛፉ ቆሞ፣ ፌሮው ዝናብ እየመታው ጠበቅን። ፎርማኑ ጋሼ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ፣ "ኢንጂነር፣ ያን ሥዕል ካየኸው የዛሬ ቀን ምን ይላል?" አለኝ። ሥዕል ነው የሚለው ሰሌዳውን። ዛሬ ኮንክሪት ይሞላል ነው የሚለው።

የሚያስቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እነዚያ 19 ቀናት የማን ናቸው በሚል ስምንት ወር ተጻጻፍን። በብዙ የመንግሥት ውሎቻችን ተቋራጩ በዘገየ ቁጥር በየቀኑ ከሺህ አንድ ይቆረጥበታል፣ እስከ 10 በመቶ። ስለዚህ ቀልድ አይደለም። እኔ ሰሌዳውን አወጣሁ። አልጠቀመኝም፣ የኤሌክትሪኩ ሥራ እዚያ ላይ የለማ! በመጨረሻ ያዳነን የዘበኛው ደብተር ነው። ባለ 50 ቅጠል፣ ጠርዙ በሻማ የተነካ። የሚገባና የሚወጣ መኪና ይመዘግብ ነበር። "ሐሙስ፣ 3 ሚክሰር ገባ። ሳያራግፍ ወጣ። የመብራት ሰዎች እስካሁን አልመጡም።" ከእኔ የሁለት ሺህ መስመር ሰሌዳ ይልቅ ያቺ አንድ መስመር ተነበበች።

እና የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። የእናንተ ሥራ ሰሌዳው ላይ ይግባ። ቀን ይኑረው፣ ባለቤት ይኑረው። "ሥራ አስኪያጅ" ተብሎ ሳይሆን እዚህ ክፍል፣ እዚህ ዴስክ ተብሎ። ቦታው ከሦስተኛ ወገን ነጻ ሆኖ የሚሰጠን መቼ ነው? ካሳ የሚከፈላቸው ሰዎች መቼ ይከፈላቸዋል? የስትራክቸር ዲዛይኑ ማሻሻያ መቼ ይጸድቃል? የንጣፉን ቀለም የሚመርጠው ማን ነው፣ በስንት ቀን? (የሴራሚክ ቀለም ለመምረጥ አራት ወር የፈጀ ኮሚቴ አውቃለሁ። ግራጫ መረጡ።) የክፍያ ሰርተፍኬት በስንት ቀን ይፈረማል? ትራንስፎርመሩስ መቼ ይጠየቃል? ትራንስፎርመር በገንዘብ ሲታይ ትንሽ ነገር ነው፤ ግን መብራት የሌለው ጤና ጣቢያ መጋዘን ነው። ማመልከቻው መሠረት ሲቆፈር መግባት ሲኖርበት፣ እኛ አገር ቀለም ሲቀባ ነው የሚታወሰው።

ሊፍቱም እንደዚሁ። አንዱ ሕንፃ ላይ ባለ ስድስት ሰው ይሁን ባለ ስምንት የሚለው ውሳኔ ሰባት ወር ፈጀ። በየወሩ አስታዋሽ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 22፣ 2016 መጣ፣ የምንዛሬው አሠራር ተለወጠ። ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። አቅራቢው የድሮውን ዋጋ ቀዶ ጣለው። ያች ባለ ስድስት ሰው ሊፍት በመጨረሻ ስትመጣ ባለ ስምንቱ ድሮ ከነበረበት በላይ ወጣባት። ማንም ሌብነት አልሠራም። ማንም ብር አላጠፋም። አንድ ፋይል ብቻ ነው የተኛው። ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ ኤልሲው (የባንኩ የክፍያ ሰነድ)፣ ጅቡቲው፣ ጉምሩኩ፣ እንደ ጠላው ነው፤ ቀድሞ ካልተጠነሰሰ አይደርስም።

ስለ ክረምትም አንድ ነገር ላንሳ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይገባል። ዝናቡም እንደዚያው። አስቡት፣ ገንዘቡና ዝናቡ አብረው ነው የሚመጡት። መስከረም ላይ የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት ትጀምራላችሁ። ኅዳር ጨረታ ይወጣል። ግምገማው፣ ቅሬታው፣ የቅሬታው መልስ ተጨምሮበት ጥር መጨረሻ ውል ይፈረማል። ቦታ ርክክብ የካቲት። ቅድመ ክፍያ፣ ዋስትናው ተሟልቶ፣ መጋቢት። እኛ ማሽን አስገብተን ቁፋሮ ስንጀምር ሚያዝያ ነው። መሠረቱ ተቆፍሮ ተከፍቶ ሳለ ሰኔ ይገባል። ዋልካ አፈር ከሆነማ አለቀ። አንድ ሳይት ላይ የቆፈርነው ጉድጓድ እስከ አፉ ሞልቶ የሰፈሩ ልጆች ሲዋኙበት ከርመዋል፤ እኛ ዘበኛ ቀጥረን ስናባርር። መስከረም ሲጠባ ውሃውን በፓምፕ አውጥተን፣ የተደረመሰውን እንደገና ቆፍረን፣ የበሰበሰውን አፈር አንስተን በቀይ አሸዋ ሞላን። ሁለተኛው ቁፋሮ ለማን ይከፈላል የሚለው ሌላ ደብዳቤ ነው።

ይሄ የእግዚአብሔር ቁጣ አይደለም። የቀን መቁጠሪያ ነው። ውሉ ላይ "እጅግ ያልተለመደ የአየር ሁኔታ" ካጋጠመ ጊዜ ይራዘማል ይላል። ሐምሌ ላይ ዝናብ መዝነቡ አዲስ አበባ ውስጥ ምኑ ነው ያልተለመደ? ስለዚህ ተቋራጩ ክረምቱን ከመጀመሪያው ሰሌዳው ላይ ቆርጦ ማውጣት አለበት። እናንተ ደግሞ 540 ቀን ስትሉ ቀን ብቻ አትቁጠሩ፣ ክረምት ቁጠሩ። ውሉ ጥቅምት ላይ የተፈረመ 540 ቀንና የካቲት ላይ የተፈረመ 540 ቀን ፈጽሞ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው መሠረቱን በበጋ ጨርሶ ክረምቱን ጣሪያ ሥር ሊያሳልፍ ይችላል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ክረምት ጉድጓድ ውስጥ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ጣሪያ ሳይመታ ነው የሚያገኘው። የዲዛይንና የጨረታ ሰነድ ሥራውን ባለፈው ዓመት በጀት ጨርሳችሁ ብትቆዩ ውሉ ጥቅምት ላይ ይፈረማል። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ይሄን ነው የምላችሁ።

ሰኔ ሲመጣ ደግሞ ስልክ ይደወልልናል። "ቶሎ ክፍያ አዘጋጁ፣ በጀቱ ሊመለስ ነው!" አሥር ወር ገንዘብ የለም የተባለበት ሳይት በሁለት ሳምንት ገንዘብ አምጡ ሳይሆን ውሰዱ ይባላል። እኔም ሌሊት ቁጭ ብዬ ሳይት ላይ የተከመረውን ብሎኬትና ፌሮ ሁሉ ቆጥሬ ክፍያ አዘጋጃለሁ። አልዋሽም፣ ደስ ይለናል። ግን ያ ገንዘብ ጥቅምት ላይ መጥቶ ቢሆን ሥራ ይሆን ነበር። ሰኔ ላይ ሲመጣ ክምር ነው የሚሆነው።

ሶፍትዌሩ የማያውቀውም ብዙ ነገር አለ። ራስህ ካላስገባህለት መስቀልን አያውቅም፣ ኢድን አያውቅም። ገጠር ሳይት ላይ የወሩ 12 ቀን ሚካኤል፣ 21 ማርያም እንደሆነ፣ የቀን ሠራተኛው በነዚያ ቀናት አካፋ እንደማይነካ የሚነግረው የለም። ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ ግማሹ ሠራተኛ ወደ ቀዬው እንደሚሄድም እንደዚሁ። የቀን ጭማሪ ብትሰጠው እንኳን ይሄዳል፣ ደግሞም ትክክል ነው፣ ጤፉ ይበልጥበታል። ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ "ደረቅ ወቅት፣ ሙሉ የሰው ኃይል" ብሎ የተሠራ ሰሌዳ አይቼ አውቃለሁ። ደረቅ ነው፣ ልክ ነው። የሰው ኃይሉ ግን ማሳ ላይ ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ የአቅራቢው ኮምፒዩተር ቀን የሚያነበው በአሜሪካ አጻጻፍ፣ ወሩን አስቀድሞ ነበርና 04/07 ብለን የጻፍነውን ቀን፣ እኛ ሐምሌ መግቢያ ማለታችን ሲሆን፣ አቅራቢው ሚያዝያ ብሎ አንብቦት መስኮቶቹ ግድግዳው ሳይቆም መጡ። ዕቃ ቤት የለንም፣ መስታወት ነው። የዘበኛው ቤት ገባ፣ ዘበኛው ውጭ አደረ። ስለዚህ ልመናዬ ነው፣ ቀን ስትጽፉ ወሩን በስሙ ጻፉት።

ስለ "በመቶ"ም ሳልናገር አላልፍም። ዜና ላይ "ግንባታው 87 በመቶ ደርሷል" ይባላል። በዓመቱም 87 ነው፣ አንዳንዴ 89። ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም፣ እንዴት እንደሆነ ስለማውቅ። በመቶው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በገንዘብ ነው። ቁፋሮው፣ ኮንክሪቱ፣ ፌሮው ከባድ ገንዘብ ስለሆኑ ቶሎ ይሮጣል። የቀረው 13 በመቶ ግን በጣም ብዙ ትንንሽ ሥራ ነው። በር፣ ቁልፍ፣ ቧንቧ፣ ሶኬት፣ ፍሳሽ፣ ሙከራ። እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል፤ ሕንፃው ቆሞ፣ ቁልፉ ተሰጥቶ፣ ውሃና ፍሳሹ ሳይገናኝ የጠበቀ ሰው ስንት ነው? እንደዚያ ዓይነት ተመሳሳይ ብሎክ የሚደጋገምበት ሥራ ላይ እኮ ባር ቻርት፣ ያ የግድግዳው ባለ አግድም መስመር ሰሌዳ፣ ብቻውን አይበቃም። ላይን ኦፍ ባላንስ የሚባለውን፣ የየቡድኑ ጉዞ ከብሎክ ወደ ብሎክ በያዘመመ መስመር የሚሣልበትን፣ ሥሩ። ልስን የሚሠራው ቡድን ከብሎክ 1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3 በስንት ቀን ይዘዋወራል? የቧንቧው ቡድን ከኋላው እየተከተለው ነው ወይስ አምስት ብሎክ ርቆታል? ሁለት ያዘመሙ መስመሮች ሲራራቁ በዓይን ይታያል። ስለዚህ ስንት በመቶ ብላችሁ አትጠይቁን። ያለፈው ወር ላይ ያልቃሉ ከተባሉት ቀይ ሥራዎች ስንቱ አለቀ በሉን። ያኔ እናፍራለን፣ ማፈራችንም ይጠቅማችኋል።

ትልቁን ፕሮጀክታችንንም እንይ፣ ከክብሩ ሳንቀንስ። የሕዳሴ ግድብ መሠረት ድንጋዩ የተጣለው መጋቢት 24፣ 2003 ነው። መጀመሪያ የታሰበው አምስት ዓመት ገደማ ነበር። የተመረቀው ጳጉሜ 4፣ 2017 ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ገንዘቡ ከራሳችን ኪስ ነበር፣ ግፊቱም ቀላል አልነበረም። ለእኛ ለሙያተኞቹ ግን አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ የሚታይ አለ። ኮንክሪቱ ሲሄድ የተርባይንና የብረታ ብረቱ ሥራ ወደ ኋላ ቀረ፤ ነሐሴ 2010 ላይ ከነበረው ተቋራጭ እጅ እንዲወጣ ተወሰነ። የኔ ሶሌታና የኔ ኮንዲዊት፣ በግዙፉ። ሌላው ደግሞ ውሃው ነው። ግድቡ የሚሞላው በክረምት ነው። ኮንክሪቱ ለዚያ ክረምት የሚፈለግበት ከፍታ ላይ ካልደረሰ ቀጣዩ ዕድል ዓመት ቆይቶ ነው። ሐምሌ 2012 የመጀመሪያው ሙሌት፣ የካቲት 13፣ 2014 የመጀመሪያው ተርባይን። ከ2012 ወዲህ ሙሌቱ በየክረምቱ ተከታትሎ ሄዷል። ወንዙ ቀኑን ቆርጦ ስለሰጣቸው ይመስለኛል። ከዓባይ ጋር የጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤ አይጻጻፉም።

"እኛ አገር ብቻ ነው" የምትሉም አላችሁ። አይደለም። የሲድኒው ኦፔራ ሀውስ ዲዛይኑ ሳያልቅ እ.ኤ.አ. 1959 ተጀምሮ፣ በአራት ዓመት ያልቃል የተባለው በ14 ዓመቱ ነው የተከፈተው። 7 ሚሊዮን የተባለው የአውስትራሊያ ዶላርም 102 ሚሊዮን ሆነ። ዲዛይን ሳይጨርሱ መጀመር የትም አገር ዋጋው ይሄው ነው። እነሱ ግን የጣሪያውን ቅርጽ እንዴት እንደሚሠሩት ስላላወቁ ነው የዘገዩት። እኛ የምንዘገየው የሽንት ቤት ሰድር መርጠን ስላልጨረስን ነው።

ባለፈው ሳይት ላይ አንድ ነገር ሞክሬ ነበር። ግሌን ባላርድ የሚባሉ አሜሪካዊ በ1990ዎቹ ያስተዋወቁት አሠራር ነው፣ ሥራውን የሚሠራው ሰው ራሱ ለሳምንቱ ቃል ይገባል፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ቃሉ ይቆጠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፎርማኖቹን፣ የቧንቧውን፣ የመብራቱን ሰው ሰብስቤ ሻይና ፓስቲ አዝዤ ነጭ ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። የመጀመሪያው ሳምንት ከ11 ቃል 4 ተፈጸመ። ሁለተኛው 5። ጋሼ መጀመሪያ "ልጄ፣ እኛን ፈተና ልትፈትነን ነው?" ብሎ ተኮሳትሮ ነበር። ስድስተኛው ሳምንት ላይ እሱ ራሱ "ይሄን አትጻፍ፣ ሲሚንቶው ስላልገባ አይሆንም" ማለት ጀመረ። በስምንተኛው 9 ከ11 ደረስን። ያልተፈጸመ ነገር ሁሉ ጎን ምክንያቱን እጽፍ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ስደምረው ከሁሉም የበዛው "ሠራተኛ ቀረ" አልነበረም፣ ሲሚንቶም አልነበረም። "መልስ አልመጣም" ነበር። ድሮዊንግ ጠይቀን፣ ናሙና አቅርበን፣ ክፍያ ጠይቀን፣ መልስ አልመጣም። ያን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ላክሁ። ምን እንደተባለ ገምቱ። መልስ አልመጣም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። በወር አንድ ሰዓት ስጡን። ውሳኔ የሚሰጥ ሰው ይምጣ፣ ሪፖርት የሚጽፍ ብቻ አይደለም። ወረቀቱን ከግድግዳው እናውርደው፣ ጠረጴዛው ላይ እንዘርጋው፣ ቀዮቹን መስመሮች ብቻ እንይ። የኔ ያልሆኑትን እኔ በእርሳስ እጽፍላችኋለሁ። የመጀመሪያው ሰሌዳ፣ ቤዝላይን የምንለው፣ አይነካ፣ አይታረም፤ እኛ ሲዘገይ አዲስ እየሠራን አሮጌውን በማጥፋት የታወቅን ነን፣ ኮምፒዩተሬ ላይ "የመጨረሻ የመጨረሻ 3" የሚባል ፋይል አለኝ። ማስመረቂያ ቀን ስትቆርጡም ቀድማችሁ ጠይቁን። ለበዓል ይድረስ ተብሎ ሌሊት በባትሪ የተለሰነ ግድግዳ በተመረቀ በአራተኛው ወር ተሰነጣጥቆ አይቻለሁ። ኮንክሪት 28 ቀኑን ይፈልጋል፣ ሪባን ሲቆረጥለት 20 አይሆንም።

አሁን ያለሁበት ሳይት የኤሌክትሪክ ውሉ ገና አልተፈረመም። የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ የሚሞላው ጥር መጨረሻ ነው፣ ሰሌዳው ላይ አለ፣ በቀይ። በዚህ ጊዜ የእናንተን መስመር እኔው ራሴ አስገብቼዋለሁ። ማንም አልፈቀደልኝም። ቁጥር 214 ላይ ነው፣ "የኤሌክትሪክ ተቋራጭ ውል መፈረም፣ አሠሪ፣ እስከ ኅዳር 30" ይላል። ለጉብኝት ስትመጡ በሩን እንደገባችሁ ፊት ለፊት ነው። ሻይ ከመምጣቱ በፊት ጣታችሁን እዚያ ላይ አድርጉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ኦፊስ ኢንጂነር